አንድ ለአንድ፦ ለሴት ልጆቻችን ስድስት ኳስና ሁለት ሰዓት

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ከካልኩሌተሩ ጀርባ ተቀምጬ ነው። ዛሬ የተጠራሁት ግን ስለ ኳስ እንድናገር ነው። ኮሌጅ ሳለሁ በሴቶች ቡድን ውስጥ ተከላካይ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የአባሎቻችንን ሴት ልጆች አሠለጥናለሁ። ሰብሳቢያችን የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነው፦ «ለሴት ልጆች ስፖርት የያዝነውን ገንዘብ በምን ላይ ብናውለው ይሻላል?»

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከማልያው፣ ከዋንጫውና ከአንድ ቀን ውድድሩ በፊት ለኳስ እናውለው። በኳሱም ልጆቻችን አንድ ለአንድ መግጠምን ይማሩ፤ ማለትም አንዷ ኳስ ይዛ ሌላዋን ማለፍን፣ ሌላዋም ቆማ መከላከልንና መንጠቅን። ምክንያቴን በሂሳብም በሜዳም አስረዳለሁ።

በእግር ኳስ 11 ሰው ከ11 ሰው ጋር እንደሚጫወት ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ጨዋታ በቴሌቪዥን ስታዩ ዓይናችሁን ኳሱ ላይ ብቻ አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ኳሱ ዘንድ ያሉት ሁለት ናቸው፦ የያዘችውና ልትነጥቃት የቀረበችው። የቀሩት ሁሉ የእነዚህን የሁለቱን ውጤት ይጠብቃሉ። አጥቂዋ ካለፈቻት መላው ተከላካይ ይበተናል። ተከላካይዋ ከነጠቀች ደግሞ መላው ቡድን ፊቱን አዙሮ ወደ ፊት ይሮጣል። ትልቁ ጨዋታ የተሠራው ከእነዚህ ትናንሽ ግጥሚያዎች ነው።

ወንዶች ልጆቻችን ይህን የሚማሩት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። ከትምህርት ቤት መልስ በካልሲ የተሠራ ኳስ ይዘው፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው፣ እስኪመሽ በሰፈሩ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ይውላሉ። ባጃጅ ሲመጣ ገለል ይላሉ፤ ሲያልፍ ይቀጥላሉ። «አብዶ» የሚሉትን ማታለያ መቶ ጊዜ ሞክረው መቶ ጊዜ ይነጠቃሉ፤ ማንም አይቆጥርባቸውም። በዚያው ሰዓት እህታቸው የት ናት? ውሃ እየቀዳች፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ፣ ወይም ጉሊት ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ነው። ይህን የምለው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ ኑሯችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ልጅቷ 12 ወይም 13 ዓመት ሞልቷት እኔ ዘንድ ሜዳ ስትመጣ የጎደላት ችሎታ አይደለም። የጎደላት ድግግሞሽ ነው። ወንድሟ ሺህ ጊዜ የሞከረውን እሷ አንድም ጊዜ አልሞከረችውም።

እንግዲህ ያንን ድግግሞሽ በቅዳሜ ጠዋት ውስጥ እንዴት እናስገባው? እዚህ ላይ ሂሳብ ልሥራላችሁ።

24 ልጆች አሉን እንበል። ለሁለት ከፍለን 12 ለ12 በአንድ ኳስ 20 ደቂቃ እናጫውታቸው። 20 ደቂቃ 1,200 ሰከንድ ነው። ለ24 ሲካፈል ለአንዲት ልጅ 50 ሰከንድ ይደርሳታል። ይህም ኳሱ አንድም ጊዜ ከሜዳ ሳይወጣና ለሁሉም እኩል ሲደርስ ነው። እውነቱ ግን ጎበዞቹ ሁለት ሦስት ልጆች አብዛኛውን ይወስዱታል፤ ዓይን አፋሯ ልጅ ኳሱን ሳትነካ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እናቷ «እንዴት ነበር?» ስትላት «ጥሩ ነው» ትላለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አትመጣም።

አሁን ደግሞ ያንኑ 24 ልጅ፣ ያንኑ 20 ደቂቃ እንውሰድ። ስድስት ትናንሽ ሜዳ እንሠራለን፤ በእያንዳንዱ አራት ልጆች አሉ። ሁለቱ ይገጥማሉ፣ ሁለቱ ያርፋሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። አንድ ግጥሚያ ከ15 ሰከንድ በላይ አይፈጅም፤ ወደ ቦታ ከመመለሱ ጋር ግማሽ ደቂቃ እንበለው። ስለዚህ እያንዳንዷ ልጅ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ትገጥማለች። በ20 ደቂቃ 20 ግጥሚያ ማለት ነው፤ 10 ጊዜ ታጠቃለች፣ 10 ጊዜ ትከላከላለች። በዓመት ውስጥ 40 ቅዳሜ ብትመጣ 800 ጊዜ ገጠመች። ዓይን አፋሯም ጎበዟም እኩል 800። ከ24ቱ መካከል መደበቂያ ያገኘች ልጅ የለችም።

የተጨመረው ወጪ ስንት ነው? ከአንድ ኳስ ወደ ስድስት ኳስ። የሜዳ ምልክት ኮን መግዛት ካልቻልን 24 የውሃ ፕላስቲክ አሸዋ ሞልተን በየሜዳው አራት አራት ማዕዘን ላይ እናቆማለን። ማልያ አያስፈልግም። ትልቅ ስታዲየምም አያስፈልግም፤ የትምህርት ቤት ግቢ ይበቃል። በሂሳብ ሙያ ዘመኔ እንዲህ ባለ ትንሽ ወጪ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ መስመር በጀት ውስጥ ብዙ አላየሁም።

አሠራሩን ላስረዳ። በዚህ ስብሰባ በባቱ፣ በመቂና በሞጆ ካሉ እህት ማኅበራት የመጣችሁም ስላላችሁ ነገ በከተማችሁ ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

የትንሿ ሜዳ ስፋት 10 እርምጃ፣ ርዝመቷ 15 እርምጃ ያህል ነው። ተከላካይዋ በአንዱ ጫፍ ኳስ ይዛ ትቆማለች፤ አጥቂዋ በሌላው ጫፍ። ተከላካይዋ ኳሱን ትሰጣታለችና ወዲያው ትገጥማታለች። አጥቂዋ ኳሱን እየነዳች ከተከላካይዋ ጀርባ ያለውን መስመር ካለፈች አሸነፈች። ተከላካይዋ ነጥቃ በተቃራኒው መስመር ከወጣች እሷ አሸነፈች። 15 ሰከንድ ሲሞላ ፊሽካ፤ ቀጣዮቹ ይገባሉ። አሥር ደቂቃ ሠርተን ውሃ እንጠጣለን፤ ከዚያ ተጋጣሚ ቀይረን ሌላ አሥር ደቂቃ። ለትናንሾቹ ቁጥር 4 ኳስ፣ ለትልልቆቹ ቁጥር 5 ይሻላል። ልጆቹን የምናጣምረው በቁመትና በጉልበት እንጂ በጓደኝነት አይደለም።

ስለ ሰዓቱም ልጨምር። የአዳማን ፀሐይና ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በከንቱ አልተተከሉም። ከሰዓት በኋላ አቧራው ይነሣል፣ ኳሱም በነፋስ ይወሰዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ምርጥ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ማጥቃቱ። ለአጥቂዋ የምነግራት አራት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ኳሱ ሲመጣ ቆመሽ አትቀበዪው፤ የመጀመሪያው ንክኪሽ ወደምትሄጂበት ወደ ክፍቱ ቦታ ይግፋው። ሁለተኛው፣ ተከላካይዋን አትሽሻት፤ ፊት ለፊት ንጂባት። ሴት ልጆቻችን ብዙ ጊዜ ኳስ ይዘው ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ ተከላካይዋም አብራቸው ትሄዳለች፤ ማንም ማንንም አያልፍም። ፊት ለፊት ስትመጪባት ግን መወሰን ያለባት እሷ ናት። ሦስተኛው፣ ሁለት እርምጃ ሲቀርሽ እግሯን እዪ። የትኛው እግሯ ቀድሟል? በቀደመው እግር በኩል ካለፍሽ እሷ ዞራ መከተል አለባት፤ መዞር ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። አራተኛው፣ ፍጥነት ቀይሪ። ቀስ ብለሽ ቅረቢ፣ በትከሻሽ ወደ አንዱ ጎን አስመስዪ፣ ከዚያ በሌላው ፈንጠር በዪ። ካለፍሽ በኋላ በፊቷ ተሻግረሽ ሰውነትሽን በእሷና በኳሱ መካከል አድርጊ።

አሥር ዓይነት አብዶ አያስፈልጋቸውም። አንድ ማታለያ፣ ግን በደንብ የተሠራ፣ ይበቃል። የብራዚሉ ጋሪንቻ እግሮቹ የተጣመሙ ነበሩ። ብራዚል በ1958 እና በ1962 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫን ስታነሣ እሱ በቀኝ ክንፍ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በቀኝ በኩል እንደሆነ ተከላካዮቹ ያውቁ ነበር፤ ግን መቼ እንደሚነሣ አያውቁም። ልጆቼን «የት እንደምትሄጂ ቢታወቅ ግድ የለም፤ መቼ እንደምትሄጂ አይታወቅ» የምላቸው ለዚህ ነው።

መከላከሉ እኔ የኖርኩበት ነው፤ ትንሽ ብረዝም ይቅር በሉኝ። ለተከላካይዋ የማስይዛት አምስት ቃል ነው፦ ሩጪ፣ ርጊ፣ ምሪ፣ ጠብቂ፣ ንጠቂ። ኳሱ እየተጓዘ ሳለ በፍጥነት ሩጪ፤ ለአጥቂዋ ጊዜ አትስጫት። ሦስት እርምጃ ሲቀርሽ ርጊ፤ በሩጫ የምትመጣ ተከላካይን ማለፍ በጣም ቀላል ነው። ጉልበትሽን አጠፍ፣ እግርሽን ከፈት፣ ሰውነትሽን ወደ ጎን አድርጊ፤ በአንድ እግርሽ ቀድመሽ በአውራ ጣቶችሽ ላይ ቁሚ። ከዚያ ምሪያት፤ አንዱን ጎን ዘግተሽ ሌላውን ክፈቺላት። የምትከፍቺላት ደካማ እግሯን ወይም የሜዳውን ጠርዝ ነው። የሜዳው መስመር ደመወዝ የማይጠይቅ ሁለተኛ ተከላካይ ነው። አራተኛው ጠብቂ፤ ዓይንሽ ኳሱ ላይ ይሁን። ትከሻዋ ይዋሻል፣ ዓይኗም ይዋሻል፤ ኳሱ ግን አይዋሽም። ኳሱ ከእግሯ አንድ ክንድ ራቅ ባለባት ቅጽበት ንጠቂ።

ከአምስቱ ለማስተማር የሚከብደው «ጠብቂ» ነው። ልጅቷ ቶሎ መጨረስ ትፈልጋለች፤ እግሯን ትወረውራለች፣ ትታለፋለች። ተከላካይ ሳትነጥቅም ልታሸንፍ ትችላለች። 15 ሰከንድ አጥቂዋን ካቆየች በትልቁ ጨዋታ ጓደኞቿ ተመልሰው ደርሰዋል። ስለዚህ ማቆየትም በእኛ ሜዳ ነጥብ አለው። በመሬት ላይ ተንሸራቶ መንጠቅን ግን ከልክያለሁ፤ ሜዳችን ሣር ሳይሆን ጠጠር ነው።

ሌላም አለ። ተከላካይ ስትቆም እግሯ ይከፈታል፣ ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ትከሻዋ የሌላዋን ትከሻ ይገፋል። እኛ ደግሞ ሴት ልጅን ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እግርሽን ግጥም አድርጊ፣ ሰው አትግፊ» እያልን ነው የምናሳድጋት። ስለዚህ ብዙዎቹ ኳስ ነጥቀው ወዲያው «ይቅርታ» ይላሉ፤ ይቅርታ ሲሉም ኳሱን መልሰው ይነጠቃሉ። ኳሱ አጠገባቸው ሆኖ፣ ያለ ግዴለሽነትና ያለ ከባድ ኃይል፣ ትከሻ ለትከሻ መጋፋት በጨዋታው ሕግ የተፈቀደ መሆኑን አስተምራቸዋለሁ። ክርን መጠቀምና ከኋላ መግፋት ደግሞ ፋውል ነው። የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ለይታ ያወቀች ልጅ ባለጌ አትሆንም፤ ሕግ ታውቃለች እንጂ።

እናቶች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛው ጉልበት ነው። ሥጋታችሁ ትክክል ነው፤ ኳስ በሚጫወቱ ሴት ልጆች ላይ የጉልበት ጅማት ጉዳት ከወንዶቹ ይልቅ እንደሚበዛ በጥናት ታውቋል። ግን መቀነሻም አለው። ፊፋ 11+ የተባለው 20 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ አለ፤ ሩጫ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሚዛን መጠበቂያና ትክክለኛ አዘላለል ያለበት ነው። አዘውትረው በሠሩት ቡድኖች ውስጥ ጉዳት መቀነሱ ታይቷል። መሣሪያ አይፈልግም። ከሁሉም በላይ ልጅቷ ስትዘልና ስትዞር ጉልበቷ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከእግሯ ጣቶች አቅጣጫ ጋር እንዲሄድ አስተምራታለሁ። ያለ ማሟሟቂያ አንድም ልጅ ኳስ አትነካም።

ሁለተኛው አለባበስ ነው። ሂጃብ የምታደርግ ልጅ ሂጃቧን ማውለቅ የለባትም፤ የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ በ2014 እ.ኤ.አ. የራስ መሸፈኛን ፈቅዷል። መርፌ ቁልፍ ሳይኖረው ይታሠር እንጂ። በልምምዳችን ረጅም ሱሪም ይፈቀዳል። የወር አበባ ሲመጣባት በንጽሕና መጠበቂያ እጦት የምትቀር ልጅ ካለች ግን ያ የእኛ ሥራ ነው። በበጀቱ ውስጥ ከኳሱ ቀጥሎ ያስቀመጥኩት እሱን ነው።

አንዲት አባላችን ባለፈው «እግር ኳስ የኅብረት ጨዋታ አይደለም ወይ? አንድ ለአንድ ብቻ ካስተማርሻቸው ራስ ወዳድ አይሆኑም?» ብላኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ለአንዱ 20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሁለት ለአንድ፣ በመጨረሻም አራት ለአራት እንጫወታለን። አንዷን ማለፍ የምትችል ልጅ ስትኖር ተጋጣሚው ሁለተኛ ሰው ይልክባታል፤ ሁለት ሲመጡባት ደግሞ አንዲት ጓደኛዋ ነፃ ሆነች ማለት ነው። ያኔ የምትሰጠው ፓስ ዋጋ አለው። አንድ ለአንድ የማትችል ልጅም ፓስ ትሰጣለች፤ ግን ፈርታ፣ ኳሱን ለመገላገል ነው። ሁለቱ ፓሶች ከሩቅ ቢመሳሰሉም በጨዋታው ላይ የሚያመጡት ግን አይመሳሰልም።

ከተማችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ2011 ዓ.ም. የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን የሆነው አዳማ ከተማ ነው። ከዱራሜ የተነሣችው አጥቂ ሎዛ አበራ በዚያ ቡድን ተጫውታለች፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ወደ ማልታ ተሻግራ ከቢርኪርካራ ጋር የሊግ ዋንጫ አነሣች፤ በኋላም ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር አመራች። ሉሲዎቹም በ2004 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ መሆናቸውን እናስታውስ። ከ24ቱ ልጆቻችን አንዷ ሎዛን ትሆናለች ብዬ ቃል አልገባላችሁም፤ ሂሳብ ሠራተኛ የማታውቀውን ገቢ አትመዘግብም። ቃል የምገባው 24ቱም በዓመት 800 ጊዜ እንደሚሞክሩ ነው።

ለለጋሾቻችን የማቀርበው ሪፖርትም ይህንኑ የሚያሳይ ይሆናል። ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ገጽ ያለው ደብተር አለኝ። ሦስት ዓምድ አለው፦ መጣች፣ ሞከረች፣ አሸነፈች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የማየው መካከለኛውን ዓምድ ብቻ ነው። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አለች፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአሥሩ የማጥቃት ተራዋ ሁለቱን ብቻ ሞከረች፤ በቀሩት ኳሱን ወደ ውጭ መትታ ተገላገለች። በሁለተኛው ወር አሥሩንም ሞከረች፤ ስምንቱን ተነጠቀች። ለእኔ ያ ትርፍ ነው። ፊሽካ ስነፋ «አንድ ጊዜ ልድገመው» ብላኛለችና።

እንግዲህ ጥያቄዬን ላቅርብ። ለለጋሾቻችን፦ ስማችሁ የተጻፈበት ማልያና የአንድ ቀን ውድድር ፎቶ ያምራል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን በዚህ ዓመት ስድስት ኳስ፣ የማሟሟቂያውን አሠራር የምታውቅ አንዲት ረዳት ሴት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና የንጽሕና መጠበቂያ ስጡን። ደረሰኙን በየሦስት ወሩ ከደብተሩ ቅጂ ጋር አቀርባለሁ።

ለእናቶች የማቀርበው ግን ከዚያ ይከብዳል። የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገባም፤ ቅዳሜ ጠዋት ልጃችሁ ከቤት የምትጎድልባቸው ሁለት ሰዓቶች ናቸው። ውሃውን የሚቀዳ፣ ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው መፈለግ አለባችሁ። ወንድሟ ቤት ካለ ለዚያች ሁለት ሰዓት ተራው የእሱ ቢሆንስ? ወይም በእድራችን እንደምናደርገው፣ ጎረቤታሞች ተራ ገብታችሁ አንዷ የሁሉንም ሕፃናት ብትይዝስ? ይህን ለመመዝገብ ከበሩ አጠገብ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስድስቱን ኳስ ለጋሽ ሊሰጠን ይችላል፤ ሁለቱን ሰዓት ግን ከእናንተ በቀር የሚሰጥ የለም።

አሁን ሰብሳቢያችን ድምፅ ያስጡን።